ምዕራፍ ሰባት፦ «ላይ» ሲባል ሰሚው ወዴት ያያል?

በምዕራፍ አምስት ስለ ቀለም ስሞች ስንነጋገር ቋንቋዎች አንዱን ቀስተ ደመና በተለያየ ቦታ እንደሚከፋፍሉት አይተናል። በምዕራፍ ስድስት ደግሞ ሰሚ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያበቃ እጁን አጣጥፎ እንደማይጠብቅ፣ ቃል በሰማ ቁጥር ግምቱን እያረመ እንደሚሄድ ተመልክተናል። ይህ ምዕራፍ ሁለቱን ጉዳዮች የሚያገናኙ ትንንሽ ቃላትን ይመረምራል፤ ላይ፣ ውስጥ፣ ስር፣ ፊት፣ ኋላ፣ አጠገብ፣ መካከል፣ እንዲሁም ከስም ጋር ተለጥፈው የሚመጡትን በ፣ ከ እና ወደ። የሰዋስው መጻሕፍት መስተዋድድ ይሏቸዋል። ሥራቸው ቀላል ይመስላል፤ የአንድን ነገር ቦታ ከሌላ ነገር አንጻር ይናገራሉ። «ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው» ሲባል የምንፈልገው ቁልፉን ነው፤ ፍለጋውን የምንጀምረው ግን ከጠረጴዛው ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የመጀመሪያውን «ተፈላጊ»፣ ሁለተኛውን «መነሻ» እያልን እንጠራቸዋለን። ከእነዚህ ሁለት ስሞች ሌላ አንባቢው የሚያስፈልገው የሙያ ቃል የለም።

ሥዕል ወይስ ትእዛዝ?

በተለምዶ የሚታሰበው እያንዳንዱ መስተዋድድ በአእምሯችን የተቀመጠ አንድ ሥዕል እንዳለው ነው። «ላይ» ሲባል አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ሆነው ይታዩናል፤ ሰሚውም ሥዕሉን ከማኅደሩ አውጥቶ ከፊቱ ካለው ነገር ጋር ያመሳክራል። ይህ አሳብ አንድ ቀን እንኳ በአማርኛ ተናጋሪ አፍ ላይ ቢፈተን አይቆምም። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ፎቶግራፉ ግድግዳው ላይ ነው፤ ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነው፤ ስንጥቁ ሲኒው ላይ ነው፤ የታጠበው ልብስ ፀሐይ ላይ ነው፤ ዝንቧ ኮርኒሱ ላይ ናት። መጽሐፉን ጠረጴዛው ተሸክሞታል፤ ፎቶግራፉን ግን የያዘው ሚስማር ነው። ቀለበቱ ጣትን ይከባል። ስንጥቁ ራሱን የቻለ ዕቃ አይደለም፤ የሲኒው ጉድለት ነው። ፀሐይዋ ከልብሱ በላይ እንጂ ከልብሱ በታች አይደለችም። ዝንቧ ደግሞ ጭራሽ ከኮርኒሱ በታች ተንጠልጥላለች። ለስድስቱ ሁሉ የሚሆን አንድ ሥዕል ልሣል የሚል ሰው፣ መጨረሻ ላይ በእጁ የሚቀረው ምንም የማያሳይ ወረቀት ነው። ይሁን እንጂ ስድስቱንም ዓረፍተ ነገሮች ማንም ሰሚ ያለ ጥያቄ ይረዳል።

የዚህ ምዕራፍ አሳብ እንግዲህ የሚከተለው ነው፤ መስተዋድድ ሥዕል አይደለም፤ ለሰሚው የሚሰጥ የፍለጋ ትእዛዝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አድራሻ የሚነገርበትን መንገድ ማሰብ ይጠቅማል። ሰው ቤቱን ሲያመለክት «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ» ይላል። ይህ ካርታ አይደለም። ርቀት የለውም፤ ማዕዘን የለውም፤ «ወረድ ብሎ» ሃምሳ እርምጃም ሦስት መቶ እርምጃም ሊሆን ይችላል። የሚናገረው ከየት እንደሚጀመርና ወዴት እንደሚታይ ብቻ ነው፤ የቀረውን ፈላጊው በዓይኑ፣ ስለ ሰፈሮች ባለው ዕውቀትና በማስተዋሉ ይሞላዋል። መስተዋድድም በዚህ ዓይነት ይሠራል። ተናጋሪው ጥቂት ይሰጣል፤ ሰሚው ብዙ ያሟላል። ቋንቋዎች የሚለያዩትም ሥዕሉን በመለዋወጥ አይደለም፤ ተናጋሪው ምን እንዲሰጥና ሰሚው ምን እንዲሞላ በሚወስኑበት የሥራ ክፍፍል ነው።

ጽዋው፣ ፋሻውና ፎቶግራፉ

ይህን የሥራ ክፍፍል በጥንቃቄ ከመረመሩት ቀዳሚዎቹ አንዷ አሜሪካዊቷ የልጆች ቋንቋ ተመራማሪ ሜሊሳ ባወርማን ናት። በኔዘርላንድስ ኒይሜኸን ከተማ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የሥነ ልቦናዊ ሥነ ልሳን ተቋም ስትሠራ ከኤሪክ ፔደርሰን ጋር 71 ቀላል ሥዕሎች አዘጋጀች፤ በጠረጴዛ ላይ ያለ ጽዋ፣ በእግር ላይ የተለጠፈ ፋሻ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ፣ በሳህን ውስጥ ያለ ፖም፣ ሌላም ሌላም። የተለያዩ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ሥዕሎቹን እያዩ ነገሩ የት እንዳለ እንዲናገሩ ተጠየቁ። የስፔንኛ ተናጋሪ ጽዋውንም ፖሙንም «ኤን» በሚል በአንድ ቃል ሊገልጽ ይችላል። እንግሊዝኛ ለጽዋው፣ ለፋሻውና ለፎቶግራፉ «ኦን» ይልና ለፖሙ «ኢን» ይላል። የኔዘርላንድስ ቋንቋ ሦስት ቃል ያወጣል፤ ጽዋውና ፋሻው «ኦፕ»፣ የተሰቀለው ፎቶግራፍ «ኣን»፣ ፖሙ «ኢን»። ስለዚህ የኔዘርላንድስ ሰሚ ቃሉን ሲሰማ ነገሩ ያረፈ ወይም የተለጠፈ ነው ወይስ ተንጠልጥሎ የተያዘ ነው የሚለው ከወዲሁ ተነግሮታል። የስፔን ሰሚ ይህን ሁሉ ከነገሮቹ ጠባይ ራሱ ያወጣዋል። ፖምና ሳህን ሲባል ፖሙ ከሳህኑ ውጭ እንደማይቀመጥ ያውቃልና አይቸገርም።

ስቲቨን ሌቪንሰንና ሰርጂዮ ሜይራ እነዚያኑ ሥዕሎች ዘመድ ላልሆኑ ዘጠኝ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች አሳይተው እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ጥናት ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ከዘጠኙ ውስጥ ባስክ፣ ላኦ፣ የምዕራብ አፍሪካው ኤዌ እና የማያው ዩካቴክ ይገኛሉ። ሁሉም ቋንቋዎች የሚጋሩት አንድም ወጥ የመስተዋድድ ትርጉም አልተገኘም። ነገር ግን ክፍፍሉ ዝርክርክም አልነበረም፤ መያዝ፣ መጣበቅ፣ ከላይ መሆን፣ ከታች መሆን፣ መቅረብ የሚሉ የስበት ማዕከሎች ነበሩ። ቋንቋዎች ድንበሮቻቸውን የሚያሰምሩት በእነዚህ ዙሪያ ነው። በእኔ ግምት ይህ ውጤት ከሁለቱም ጽንፎች ያድናል፤ ሁሉም ሰው አንድ ሥዕል አለው ከሚለውም፣ እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ዓለም ይፈጥራል ከሚለውም።

ኮሪያኛ ደግሞ ጥያቄውን ራሱን ይለውጠዋል። ባወርማንና ሱንጃ ቾይ እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳሳዩት፣ ለኮሪያ ልጅ ዋናው ነገር መግባትና ማረፍ አይደለም፤ ጠበቅ ብሎ መገጣጠም ነው። ቀለበት ወደ ጣት፣ ካሴት ወደ ማኅደሩ፣ የብዕር ክዳን ወደ ብዕሩ፤ ሦስቱም በአንድ «ኪዳ» በሚባል ግስ ይነገራሉ። አማርኛ አንባቢ ይህን እንግዳ ነገር አድርጎ ሊያየው አይገባም። እኛም ሶኬት እንሰካለን፤ እህል ጆንያ ውስጥ እንከታለን፤ ወረቀት ኪስ ውስጥ እንሸጉጣለን፤ ቀለበት እናጠልቃለን። የመገጣጠሙን ጥብቀትና ልልነት የሚነግረን «ውስጥ» የሚለው ቃል አይደለም፤ ግሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። የሰው ዓይን አንድ ከሆነ፣ ቋንቋ የሚያደርገው ያንኑ ያየነውን በተለያየ ምልክት መሰየም ብቻ አይደለምን? ሱዛን ሄስፖስና ኤሊዛቤት ስፔልኪ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ጥናት ለዚህ ተቃውሞ ጥሩ ድጋፍ ነው። እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ የአምስት ወር ሕፃናት፣ ቋንቋቸው የማይለየውን ጠባብና ሰፊ አገጣጠም ለይተው እንደሚያዩ አሳይተዋል። እንግዲህ ልዩነቱን ማየት ከቋንቋ በፊት አለ። ሆኖም ተቃውሞው የሚያፈርሰው ቋንቋ ዓይናችንን ይፈጥራል የሚለውን አሳብ ነው፤ የእኛን አሳብ አይነካም። ማየት መቻል አንድ ነገር ነው፤ በሰማነው ቃል ምክንያት በቅጽበት መፈለግ ያለብን የትኛውን እንደሆነ ማወቅ ሌላ ነው። ኮሪያዊው ሕፃን ቋንቋውን ሲማር የሚለማመደው ሁለተኛውን ነው፤ ሲያየው ከኖረው ብዙ ልዩነት መካከል ተናጋሪዎቹ አስታውቀው የሚያልፉት የትኛውን እንደሆነ።

ዕቃው የተሠራበት ምክንያት

ሰሚው ክፍተቱን የሚሞላው በምን ነው? አንደኛው መልስ፣ ዕቃው ለምን እንደተሠራ በማወቅ ነው። አፉ ድረስ ሞልቶ ተቆልሎ የቆመ የብርቱካን ቅርጫት እናስብ። ከሁሉ በላይ ያለችው ብርቱካን ከቅርጫቱ ከንፈር አልፋ ወጥታለች፤ በመለኪያ ብንሄድ በቅርጫቱ ጎድጓዳ ውስጥ አንድም ክፍሏ የለም። ግን «ብርቱካኗ ቅርጫቱ ውስጥ ናት» ቢባል ማንም አይከራከርም። ሳይመን ጋሮድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ኳሶችን ቆልለው ይህንኑ ፈትነዋል። ከላይ ያለችው ኳስ በሳህኑ የተያዘች እስከመሰለች ድረስ ሰዎች «ውስጥ» የሚለውን ይቀበላሉ። ኳሷን ከላይ በክር ሲያስሯት ግን፣ ቦታዋ ንቅንቅ ሳይል፣ የሰዎቹ እርግጠኝነት ቀነሰ። አሁን የያዛት ሳህኑ ሳይሆን ክሩ ሊሆን ይችላላ! ሳህኑ ሲንቀሳቀስ ይዘቱ አብሮት ከሄደ ደግሞ «ውስጥ» የሚለው ይበልጥ ይስማማል። እንግዲህ ሰሚው «ውስጥ» ሲባል የሚጠይቀው «ወሰኑን አልፏል ወይስ አላለፈም?» ሳይሆን «መነሻው ተፈላጊውን ይዞታል ወይ?» ብሎ ነው።

ኬኒ ኮቨንትሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በጃንጥላ ያደረጉት ሙከራ ደግሞ በአንድ ቋንቋ ውስጥ እንኳ ተቀራራቢ ቃላት ለዚህ ጥያቄ የተለያየ ጆሮ እንዳላቸው ያሳያል። እንግሊዝኛ ከላይ መሆንን የሚገልጽ «ኦቨር» እና «አበቭ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። በሥዕሉ ዝናቡ በሰያፍ ሲወርድ ሰውየው ጃንጥላውን ዘንበል አድርጎ ይዟል። ጃንጥላው ቀጥ ብሎ ከራሱ በላይ ባይሆንም ከዝናቡ እስካስጠለለው ድረስ «ኦቨር» ተቀባይነት አገኘ። ዝናቡን ሳይከለክል ሲቀር ግን ተቀባይነቱ ቀነሰ። «አበቭ» በሚባልበት ጊዜ ሰዎቹ ይበልጥ ያተኮሩት ጃንጥላው ከራስ ቅሉ በላይ ቀጥ ብሎ መቆሙ ላይ ነበር። አንዱ ቃል ሰሚውን ወደ ቦታ ይመራዋል፤ ሌላው ወደ ጥቅም።

የማን ፊት?

እስካሁን ተፈላጊው ከመነሻው ጋር የተነካካ ወይም የተቀራረበ ነበር። ሲራራቁ አዲስ ችግር ይመጣል፤ አቅጣጫው ከማን አንጻር ነው? መኪና የራሱ ፊት አለው፤ ቤትም በሩ ያለበት ፊቱ ነው። ዛፍ ግን ፊት የለውም። «ኳሱ ከዛፉ ፊት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር የሰማ ሰው ለዛፉ ፊት ማበጀት አለበት። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዛፉ እንደ ሰው ዞሮ የሚያያቸው አድርገው ስለሚወስዱ፣ ፊቱ በእነርሱና በዛፉ መካከል ያለው ነው። ክሊፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳየው የሃውሳ ተናጋሪዎች ልማድ ሌላ ነው፤ ዛፉን ከእነርሱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ተሰልፎ እንደሚሄድ ያዩታል፤ ስለዚህ ፊቱ ወዲያ ማዶ ያለው ነው። አንድ ዛፍ፣ አንድ ኳስ፣ ሁለት ተቃራኒ ፍለጋ።

ከተናጋሪውም ከነገሩም ፊት ነፃ የሆነ ሦስተኛ መንገድም አለ። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ የሚነገረው ጉጉ ይሚትሂር፣ ካንጋሮ የሚለውን ቃል ለዓለም የሰጠው ያ ቋንቋ፣ በቤት ውስጥ ስላለ ዕቃ ሳይቀር በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ይናገራል። በሜክሲኮ ቺያፓስ በተነሃፓ የሚኖሩ የጼልታል ተናጋሪዎች ደግሞ የአገራቸው መሬት ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሚያዘቀዝቅ «አቀበት ወገን» እና «ቁልቁለት ወገን» ይላሉ፤ በደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ላሉ ሁለት ጠርሙሶች እንኳ። ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት፣ ላይ አርማጭሆና ታች አርማጭሆ ስማቸውን ያገኙት ከመሬቱ ከፍታ እንጂ ከተመልካቹ አቋም አይደለም። አዲስ አበባም ከ3,000 ሜትር ከሚበልጠው እንጦጦ 2,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ቦሌ እየወረደች ስለምትሄድ «ወደ ላይ» እና «ወደ ታች» ለነዋሪው አቅጣጫም ናቸው። ልዩነቱ ይህን ስልት ከመንገድ ወደ ጠረጴዛ አለማውረዳችን ነው። ጼልታሎች አውርደውታል።

የሌቪንሰን ቡድን ከዚህ ተነሥቶ አንድ ሙከራ አደረገ። የአሻንጉሊት እንስሳት በጠረጴዛ ላይ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ሰውየው ከኋላው ወዳለው ጠረጴዛ ዞሮ ያንኑ ሰልፍ እንዲደግም ይጠየቃል። የኔዘርላንድስ ሰዎች በአብዛኛው ግራና ቀኛቸውን ጠብቀው ደረደሩ፤ ጼልታሎች የምድሩን አቅጣጫ ጠብቀው። ፔጊ ሊ እና ላይላ ግላይትማን እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን ተቃወሙ፤ አሜሪካውያን ተማሪዎችም በአካባቢያቸው ጎላ ያለ ምልክት ሲደረግላቸው አደራደራቸውን ይለውጣሉና ወሳኙ ቋንቋ ሳይሆን አካባቢ ነው አሉ። የሌቪንሰን ቡድን ደግሞ በጠረጴዛው ላይ ያለን ምልክት መከተል የምድርን አቅጣጫ ከመከተል የተለየ ነው ሲል መለሰ። ለዚህ ምዕራፍ የሚበቃን በክርክሩ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር ነው፤ ሰው ከአንድ በላይ ስልት አለው። እንዲህ ከሆነ የቋንቋ ልማድ ሥራው ስልቱን መፍጠር ሳይሆን ለሰሚው አስቀድሞ መምረጥ ነው። የሃውሳ ሰሚ የእንግሊዝኛውን ፍለጋ መፈለግ ያቅተዋል ማለት አይደለም፤ ካልተነገረው በቀር ከእሱ አይጀምርም ማለት ነው።

ግሱ እስኪመጣ

አሁን ወደ ጊዜ እንምጣ። ክሬግ ቼምበርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት የሰሚዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትለዋል። በገበታው ላይ ልዩ ልዩ ዕቃዎች ተቀምጠው «ኪዩቡን … ውስጥ» የሚል የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ሲጀመር፣ የመያዣው ስም ገና ሳይጠራ የሰሚው ዓይን ጎድጓዳ ወደሆኑት ዕቃዎች ሄደ። ከጎድጓዳዎቹም ኪዩቡ የማይገባባቸው ከግምት ወጡ። ትንሿ ቃል የተሰጠችው ከስሙ በፊት ስለሆነ ፍለጋውን ቀድማ አጠበበችው። በአማርኛ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ የመያዣው ስም ቀድሞ ይመጣል፣ «ውስጥ» ይከተላል፣ ግሱ በመጨረሻ ይደርሳል። የእኛ ሰሚ መነሻውን ቀድሞ አግኝቶ፣ ከዚያ የትኛውን ክፍሉን እንደሚያይ ይነገረዋል።

«ከ» የሚለው ፊደል ይህን በግልጽ ያሳያል። «መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ» እስከዚህ ድረስ የሰማ ሰው መጽሐፉ ወደ ጠረጴዛው ይምጣ ወይም ከእሱ ይሂድ አያውቅም። «አነሳው» ከተባለ ጠረጴዛው መለያያ ነው፤ «አኖረው» ከተባለ ማረፊያ። ከቤት ወጣ፣ ከቤት ገባ፣ ከቤት ቀረ፤ አንድ «ከ» ሦስት የተለያየ ጉዞ። ይህን የተመለከተ ሰው አማርኛ ቦታን በቅጡ አይገልጽም ሊል ይችላል። ፍርዱ ትክክል አይደለም። መረጃው አልጠፋም፤ በግሱ ላይ ነው ያለው። ግድግዳ ላይ ሰቀለ፣ ለጠፈ፣ ጻፈ፣ ተደገፈ ስንል «ላይ» የተወውን ሁሉ ግሱ ይናገራል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ በግሱ የሚያድበሰብሰውን በመስተዋድዱ ይናገራል። ሰሚውም እስከ ግሱ ሥራ ፈትቶ አይቆይም። ዩኪ ካሚዴና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 በጃፓንኛ፣ እንደ አማርኛ ግስ መጨረሻ በሚመጣበት ቋንቋ፣ ሰሚዎች ከስሞቹ ላይ ካሉት ትንንሽ ምልክቶች ተነሥተው ግሱ ሳይሰማ ቀጥሎ የሚጠራውን ነገር እንደሚተነብዩ አሳይተዋል። በአማርኛም ሰውየው ቆሞ እጁን ወደ ጠረጴዛው ሲዘረጋ የሚያይ ሰሚ እጁ ባዶ መሆኑን ካስተዋለ «አነሳው» የሚለውን ሳይሰማ ጨርሶታል።

ችግር የሚመጣው ግሱም ሳይወስን ሲቀር ነው፤ ይህም ተራ የቃላት ጨዋታ አይደለም። «ከበረንዳው ላይ አየሁት» የሚል ምስክር አለ እንበል። በረንዳው ላይ ቆሞ የነበረው ያየው ነው ወይስ የታየው? ማየት እንደ ማንሳትና ማኖር ወደ አንድ ወገን አያደላም፤ ሁለቱም ይሆናል። በአማርኛ በሚካሄድ ችሎት ዳኛው ቀደም ሲል ከተነገረው ነገር ተነሥቶ ክፍተቱን ይሞላል፤ ምናልባትም ክፍተት መኖሩን ሳያስተውል። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ችሎት ቃሉን የሚያቀብል አስተርጓሚ ግን ይህ ዕድል የለውም። እንግሊዝኛም ዕብራይስጥም «ከዚያ» ለማለትና «እዚያ» ለማለት የተለያዩ ቃላት ስላላቸው አንዱን ሳይመርጥ አፉን መክፈት አይችልም፤ ከመረጠም ሰውየውን በረንዳው ላይ ያቆመው ወይም ያወረደው እርሱ ነው። ምስክሩ ያላሉትን በግምት ከመጨመር፣ ፍርድ ቤቱን አስፈቅዶ «በረንዳው ላይ የነበሩት እርስዎ ነዎት ወይስ እሱ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ መልሱን ከሰማ በኋላ ነው ቃሉን የሚመርጠው።